ግራ ቀኙን አይቶ ይገባል

«እዚች ጋ ጥለውሽ ይሄዳሉ» አለ ፈርሀት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ተክሎታል።

ሀምዲያ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ አደረገች። ጣቱ ያረፈው በጣም በምትወደው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ በመንገድ ላይ፣ በልቧ ስትጽፈውና ስትሰርዘው የሰነበተችው ዓረፍተ ነገር ነው።

«ለምንድነው የሚሄዱት?»

«ስለነገርሻቸው ነዋ! ስሚ፣ አንባቢ ማለት አውቶብስ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ፣ በሌላው ስልኩን የሚገፋ ሰው ነው። አውራ ጣቱ አይታገስም። አንቺ ደግሞ ገና ከበር ሳይገባ ምሳ አቅርበሽ፣ አብልተሽ፣ እጁን አስታጥበሽ ሸኘሽው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አስርቢው።»

ፈርሀት የአክስቷ ልጅ ነው። ከሶማሌ ተራ ጀርባ አንድ ፎቅ ሥር ባለች ኢንተርኔት ቤት ይሠራል። ደንበኛ ሲቀንስ «የተራ ወሬ» ለሚባለው ዌብሳይቱና የፌስቡክ ገጹ የመርካቶን ነገር ይለቃቅማል፤ እሳት የነካው ሱቅ፣ የጠፋ ልጅ፣ አዲስ የገባ ዕቃ። ፎቶ ማንሳት ይችላል፣ ሰው ማስወራትም ይችላል፣ መጻፍ ግን አይሆንለትም። ሀምዲያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የአማርኛ መምህሯ ድርሰቷን ለክፍሉ ሲያነቡ ዴስክ ሥር ብትገባ ደስ የሚላት ዓይነት ልጅ ናት። እዚህ ገጽ ላይ ስሟ አይወጣም። እሺ ያለችውም ለዚህ ነው።

የጻፈችው ስለ አባቷ ሱቅ ነበር። አባቷ ጀማለዲን የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። አርብ ቀን ለጁምዓ ወደ አንዋር መስጊድ ሲሄድ ሱቁን አይዘጋም። አንድ ያረጀ ቺንጊያ፣ ያን የሞተር ጥቁር የጎማ ቀበቶ፣ በበሩ ግራና ቀኝ ባሉት ሚስማሮች ላይ ወጥሮ ይሰቅላል። ሰፈሩ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል፤ ባለቤቱ ሶላት ላይ ነው። ያኔ ከመንገዱ ማዶ ጋሼ ጥጋቡ ከሱቃቸው ወጥተው ይሻገራሉ፤ ጎንበስ ብለው በቺንጊያው ሥር ይገባሉ። የቸኮለ ገዢ ከመጣ ይሸጡለታል። ካልመጣም በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ጋሼ ጥጋቡ በዓል ለማክበር ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደግሞ ያው ቺንጊያ ወደ እሳቸው በር ይሻገራል፤ ሱቁን የሚጠብቀውም አባቷ ይሆናል። ሀምዲያ ሳትወለድ ጀምሮ እንዲህ ነው።

«ጥሩ ታሪክ ነው» አለ ፈርሀት። «መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ከላይ ‹ጎረቤቱ ይጠብቅለታል› ብለሽ ከጀመርሽ ማን ወደ ታች ይወርዳል? እስቲ ንገሪኝ፣ ሼባው ሲሻገሩ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን ያደርጋሉ? መንገዱን ያያሉ። ጋሪ አለ፣ ተሸካሚ አለ...»

«ግራ ቀኙን ያያሉ?»

«አዎ።»

«ከዚያ ጎንበስ ብለው ይገባሉ?»

«ቺንጊያው አለ እኮ።»

«ጻፊያት!» አለ ፈርሀት ጠረጴዛውን መታ አድርጎ።

ሀምዲያ ጻፈች። ፈርሀት እየቆረጠ፣ እሷ ቃል እየመረጠች፣ ሲጨርሱ መግቢያው እንዲህ ሆነ፦

«አርብ ቀን ነው። ባለሱቁ የለም። አንድ ሰው ከማዶ ይመጣል። ግራ ቀኙን ያያል። ጎንበስ ብሎ ይገባል። ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውን ስንነግራችሁ ግን... ሙሉውን ለማንበብ እዚህ ይጫኑ።»

አነበበችው። እውነትም ይስባል። የገዛ አባቷ ሱቅ ሆኖ እንኳ እሷን ራሷን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አስናፈቃት። ግን የሆነ ነገር ቅር አላት።

«ሌባ አስመሰልናቸው እኮ።»

«ሊንኩ ውስጥ ይነገር የለ እንዴ? እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አልቅሶ ነው የሚወጣው። የዋሸሽው ነገር አለ? አንዲት ቃል አሳዪኝ።»

ቃል በቃል ፈለገች። አርብ ነው፤ እውነት። ባለሱቁ የለም፤ እውነት። ግራ ቀኙን ያያል፤ እውነት። ውሸት ፍለጋ እንደገና ከላይ ጀመረች፤ አጣች።

«የለም» አለች።

«ይመችሽ! ፎቶው ደግሞ እኔ ጋ አለ።»

ፎቶው የሱቁ በር ነበር። በሩ ላይ የተወጠረው ቺንጊያ ጥርት ብሎ ይታያል። ሰው የለበትም።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ስለ ጽሑፉ ሲወራ ሰማች። ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው «ከዚያ ምን አደረገ?» ይባባላሉ። ሀምዲያ ደብተር የምታገላብጥ መስላ ጆሮዋን ጣለች። ፊቷ ሞቃት። የራሷን ቃል ከመምህሯ በቀር ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፈርሀት «አብደዋል! ነፍ ሰው ነው የገባው፣ ኢንተርኔት ቤቱን ጥዬ ስልኬን ብቻ እያየሁ ነው» ብሎ ጻፈላት። መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው።

ከጽሑፉ ሥር የተጻፉትን አስተያየቶች ስታይ ግን ግራ ተጋባች። አንዳንዶቹ «መርካቶ ማለት ይህ ነው»፣ «ደስ የሚል ጉርብትና» ይላሉ። ሌሎቹ «ስሙን ጥቀሱት!»፣ «ካሜራ ይግጠሙ»፣ «ይሄን በር አውቀዋለሁ፣ ሶማሌ ተራ ነው» ይላሉ። ሁሉም ስለ አንድ ጽሑፍ ነው የሚያወሩት። ወይስ ሁለት ጽሑፍ ነው የወጣው? ተመልሳ አየች። አንድ ነው።

አርብ ከትምህርት ቤት ለምሳ ስትወጣ የአባቷን ሳሕን ለመውሰድ ወደ ሱቅ ሄደች። ቺንጊያው ተሰቅሏል፤ አባቷ ሄዷል። ማዶ፣ ጋሼ ጥጋቡ በር ላይ፣ የሚኒባስ ሹፌሩ ሶሬሳ ያረጀ የሞተር ካንዴላ በእጁ ይዞ ቆሟል። ሶሬሳ ካልቀለደ የሚታመም ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ደርሷል!» አለ። «ዛሬም ግራ ቀኙን አይተው ነው የሚገቡት?»

ጋሼ ጥጋቡ የሶሬሳን ቀልድ ለምደውታልና ገና ሳይገባቸው ሳቁ። «ደግሞ ምን አመጣህ?»

«ታዋቂ ሆነዋል እኮ! ይኸው።» ስልኩን ሰጣቸው።

ጋሼ ጥጋቡ መነጽራቸውን አደረጉ። ሀምዲያ ከአባቷ በር አጠገብ ቆማ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች። የት ጋ እንደደረሱ ከከንፈራቸው ታውቃለች። «ጎንበስ ብሎ ይገባል» ጋ ቆሙ። ፎቶውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ማዶ ያለውን እውነተኛውን በር አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። መነጽራቸውን ብቻ አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«መቼም ማን እንደጻፈው አይታወቅ» አሉ።

«ኧረ ተዉት ፋዘር፣ ቀልድ ነው።»

«ቀልድ ነው» አሉ ጋሼ ጥጋቡም። ስልኩን መለሱለትና መንገዱን መሻገር ጀመሩ። አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ግራም ቀኝም ሳያዩ፣ ፊት ለፊታቸውን ብቻ እያዩ ሄዱ።

«ዞር በሉ! ዞር በሉ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎማ የተቆለለበት ጋሪ ቁልቁለቱን ይዞ ይመጣል፤ ገፊው ከጭነቱ ኋላ አይታይም። የጋሪው ጠርዝ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ጋሼ ጥጋቡ በአንድ እጃቸው መሬት ይዘው ተንበረከኩ።

ሶሬሳ ካንዴላውን ጥሎ ሮጠ። ሀምዲያም ሮጠች። ደግፈው ሲያነሷቸው «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ይላሉ። በቺንጊያው ሥር ለማለፍ ጎንበስ ሲሉ ግን ጥርሳቸውን ነከሱ።

በጣሳ ውሃ አመጣችላቸው።

«ጋሼ፣ ለምን አላዩም?»

«እንግዲህ» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። «ካየሁ ይሳቃል። ካላየሁ ጋሪ ይመታኛል። የቱን ልምረጥ?»

ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ሀምዲያ ጣሳውን ተቀብላ ወደ ጓዳው ገባች። የገባችው ውሃ የምትሞላ መስላ ነው። ቧንቧውን ሳትከፍት ቆመች። «እኔ ነኝ» የሚለውን አግኝታዋለች። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ግን ልታገኘው አልቻለችም። እኔ ነኝ፣ ግን አልዋሸሁም? እኔ ነኝ፣ ግን ከታች አመስግኜዎታለሁ?

ማክሰኞ ፋና ከጎኗ ስትቀመጥ ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ ወረወረችው። ፋና የጋሼ ጥጋቡ ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«አባዬ በዚህ አርብ አይሻገርም» አለች።

«ጉልበታቸው ነው?»

«ጉልበቱማ ተሽሎታል። ሰፈሩ ሁሉ ሙድ ይይዝበታል። ትናንት ሻይ ቤት ሲገባ አንዱ ‹ግራ ቀኙን!› ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬም አብሮ ሳቀ። ቤት መጥቶ ግን እራት አልበላም። አርብ በሰዓቱ ሱቁን ዘግቶ ቤት ሊመጣ ነው።»

«ፋና...»

«ማን እንደጻፈው ብቻ ባወቅሁ! አባትሽ አይደለም፣ አባዬ እሱን አይጠረጥርም። ግን የሆነ የሚያውቀን ሰው ነው። የሚያውቅ ሰው ነው እንደዚህ የሚጽፈው።»

ሀምዲያ የዴስኩን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች። «ሙሉውን አንብበሽዋል? ሊንኩ ውስጥ ያለውን?»

«የቱን ሊንክ?»

«‹እዚህ ይጫኑ› የሚለውን። እዚያ ውስጥ ጥሩ ነገር ነው የሚለው። ሱቅ እንደሚጠብቁ፣ ስለ ጉርብትናቸው...»

«የእኔ ፓኬጅ ፌስቡክ ብቻ ነው የሚከፍተው። የአባዬም እንደዛ ነው። የሶሬሳም። ሊንኩን ስትነኪው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ማን ካርድ አለው ብለሽ ነው?» ፋና ድንገት ዞር ብላ አየቻት። «አንቺ በምን ከፈትሽው?»

«ፈርሀት ጋ» አለች ሀምዲያ። ይህም እውነት ነበር።

መምህሩ ገቡና ሁሉም ተነሡ። ሀምዲያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ገለበጠች። ምን እንደገለበጠች ግን አታውቅም። የመርካቶ ሰው ያነበበው መግቢያውን ብቻ ነው። የደከመችበት ሁሉ፣ በርጩማው፣ ጋዜጣው፣ የበዓሉ ቀን የሚሻገረው ቺንጊያ፣ ማንም የማይገባበት ነጭ ገጽ ላይ ተቀምጧል። ያመሰገነቻቸው ሰው ምስጋናውን አላዩትም። ከሰፈሩ ውጭ ያለና ኢንተርኔት የሞላለት ሰው ግን አንብቦ «ደስ የሚል ጉርብትና» ብሏል። እና ጽሑፉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ያጠፋችውስ የቱ ቃል ላይ ነው?

ከትምህርት ቤት ቀጥታ ፈርሀት ጋ ሄደች። ነገሩን ስትነግረው ፀጉሩን እያሻሸ አዳመጣት። ስለ ጋሪው ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ እኮ ሼባውን እወዳቸዋለሁ» አለ። «ልጅ ሆኜ ካራሜላ ይሰጡኝ ነበር።» ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። «ክፍል ሁለት እንሠራለን። ርዕሱ፦ ‹ግራ ቀኙን ያየው ሰው ማንነት ታወቀ!› ሰው ይጎርፋል። ከዚያ ውስጥ እውነቱን እንነግራቸዋለን።»

«ሊንክ ውስጥ?»

«ፌስቡኩ ላይ ሙሉውን እንለጥፈዋለን በቃ። ግን መግቢያው ማስራብ አለበት። አለበለዚያ ማንም አያየውም።»

«ለአንድ ቀን እንደገና ሌባ ይሆናሉ ማለት ነው።»

«ለአንድ ደቂቃ! ‹ተጨማሪ አንብብ› እስኪሉ ድረስ። ሀምዲዬ፣ አስቢው። ዝም ብለሽ ‹ይቅርታ፣ ሰውየው ጥሩ ናቸው› ብትይ ማን ያነበዋል? ያኛውን ያዩት ሁሉ ይሄኛውን አያዩትም። እንዲሰሙሽ ከፈለግሽ እንደዛ መጻፍ አለብሽ። ሌላ መንገድ ካለ አሳዪኝ።»

ሌላ መንገድ አልነበራትም። የሚለው ሁሉ ትክክል ይመስላል፤ ባለፈውም ትክክል ይመስል ነበር። ከጎናቸው አንድ ልጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ኳስ ያያል። ጎል ሲገባ ብቻውን ጮኸ። ሀምዲያ አየችው። ሰው የሚያየውን ነው የሚያውቀው፤ ይህ ልጅ አሁን ከኋላው ስለሚወራው ምንም አያውቅም። ሰው መግቢያውን ብቻ ካነበበ...

«ኪቦርዱን ስጠኝ» አለች።

ቀስ ብላ ጻፈች። ስትጨርስ ፈርሀት ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦

«አርብ አርብ አባቴ ለሶላት ሲሄድ ሱቁን የሚጠብቁለት ማዶ ያሉት ጋሼ ጥጋቡ ናቸው፤ ሲሻገሩ ግራ ቀኙን የሚያዩት ጋሪ እንዳይመታቸው ነው፤ ያለፈውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሀምዲያ ጀማለዲን።»

«ከዚህ በኋላስ?»

«አለቀ።»

«ሰው ምኑን ይጫናል?»

«አይጫንም።»

ፈርሀት ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ ግን አልነበረም። «ፋራ ነሽ። ምሳውን ሁሉ በአንድ መስመር አብልተሽ ጨረስሽ!»

«አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያነቡት ብለሃል።»

ፈርሀት ስክሪኑን አየ። «ስምሽንም አስገባሽው?»

«አላውቅም» አለች። እውነትም አታውቅም ነበር። እጇ ነው የጻፈው። ስሟን እዚያ ሲያብረቀርቅ ስታየው የዴስኩ ሥር ናፈቃት። አባቷ ምን ይላል? ፋናስ?

«ልልቀቀው?» ፈርሀት ጣቱን አዘጋጀ።

«ቆይ!»

«ምንድነው ደግሞ?»

«ባለፈውም ሳንጠይቃቸው ነው የለቀቅነው።» ጽሑፉን ወደ ስልኳ ላከችና ተነሣች።

እስከ ሐሙስ ድረስ ጽሑፉን ልታሳያቸው አልደፈረችም። አርብ ሱቁ ጋ ስትደርስ አዛን እያለ ነበር። አባቷ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። በእጁ የያዘው ቺንጊያውን አይደለም፤ የብረቱን መዝጊያ መሳቢያ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉን እንደ ሰው ዕቃ ያገላብጠዋል። ማዶ የጋሼ ጥጋቡ ሱቅ በር ግማሽ ተዘግቷል። እሳቸው ውስጥ ሆነው ካርቶን ይሰበስባሉ፤ ጀርባቸው ወደ መንገዱ ነው።

«ደህና ዋልክ ወይ ስለው እንኳ ቀና አላለም» አለ አባቷ። «ያንን የፌስቡክ ወሬ ሰምቻለሁ። ማንም ባለጌ ይጽፋል። እኔ ግን ምን አደረግኩት? ጥጋቡ እኔን ምን ብሎ ነው የሚሸሸኝ?»

«አንተን አይደለም አባ።»

«በጁምዓ ዘግቼ አላውቅም።» ዘንጉን ወደ ላይ አነሣ። መንጠቆው ብረቱን ሲነካ ቀጭን ድምፅ ሰጠ።

«ትንሽ ቆይ» አለች ሀምዲያ።

«ሶላቱ ሊያልፈኝ ነው።»

«አንተ ሂድ። አልተዘጋም።» ከመደርደሪያው ጎን የተንጠለጠለውን ቺንጊያ አወረደች። ከምታስበው በላይ ከባድ ነበር፤ እጇን አጠቆረው። አንዱን ጫፍ የግራው ሚስማር ላይ፣ ሌላውን የቀኙ ላይ አደረገች። አባቷ ዘንጉን እንደያዘ ቆሞ ያያታል።

«ማን ይጠብቃል?»

«ልጠይቃቸው ነው።»

«እምቢ ቢልስ?»

«እኔ እቆማለሁ እስክትመለስ። ስትመለስ ደግሞ የምነግርህ ነገር አለ።»

አባቷ ፊቷን ትንሽ ሲመለከት ቆየ። ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄደ፤ ተራው ጥግ ሲደርስ ግን አንድ ጊዜ ዞሮ አያት።

ሀምዲያ ስልኳን አወጣች። አጭሯ መስመር እዚያው አለች። ጋሼ ጥጋቡ «የሚያውቅ ሰው ነው» ብለው ይሆናል እንደ ፋና። የትኛው ቃል ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን እንደሚያዞሩባት አታውቅም። ምናልባት ስሟ ጋ ሳትደርስ «በቃ» ይሏት ይሆናል። እንዲቆዩላት የምታደርግበት ምንም ዘዴ በዚያች መስመር ውስጥ የለም።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች። ሶሬሳ ሚኒባሱን ጥግ አስይዞ፣ በመስኮቱ ክርኑን አውጥቶ፣ ማን እንደሚሻገር ለማየት ይጠብቃል።

ሀምዲያ ሁሉም እንዲያያት አንገቷን ዘርግታ ግራውን አየች፤ ቀኙን አየች። ቆርቆሮ የጫነ ጋሪ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ተሻገረች።